ለወባ ከተወጋችው ጣት ሁለተኛ ጠብታ

ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ
በጣና ዙሪያ ለሚገኙ የዞንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለባቸው ሕፃናት በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲለዩና ኢንሱሊናቸው እንዳይቋረጥ ስለመጠየቅ

ኅዳር 5 የዓለም የስኳር ሕመም ቀን ነው። ቀኑ የተመረጠው ኢንሱሊንን ካገኙት ሰዎች አንዱ ፍሬድሪክ ባንቲንግ የተወለደበት ስለሆነ ነው። በእኛ አካባቢ ግን ኅዳር የወባ ወር ነው። ክረምቱ ወጥቶ የፎገራና የደንቢያ ሜዳ ላይ የተኛው ውኃ መሸሽ ሲጀምር ትንኙ ይበዛል፣ ጤና ጣቢያውም በትኩሳት ታማሚ ይጨናነቃል። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ሁለቱ ነገሮች አንድ ወረፋ ላይ ስለሚገናኙ ነው። በስኳር የታመመ ልጅ ከሚጠፋብን ቦታ አንዱ የወባ ወረፋ ነው።

ለወባ ፈጣን ምርመራ የሚወሰደው ደም 5 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የሚፈልገው ከዚያም ያንሳል፤ ግማሽ ወይም 1 ማይክሮ ሊትር ይበቃዋል። ጣቱ አንዴ ተወግቷል፣ ልጁም አንዴ አልቅሷል። ሁለተኛዋ ጠብታ በጥጥ ተጠርጋ ከምትጣል ስትሪፕ ላይ ብታርፍ መልሱ በሰከንዶች ውስጥ ይታያል። ዋናው ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለምን እንደምንጠይቅና ልጁ ከተለየ በኋላ ምን ሊከተል እንደሚገባ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ዓለም አቀፍ ጥናት (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2021 ዓይነት አንድ፣ ማለትም ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት የሚያቆምበት የስኳር ሕመም፣ የያዘውን የ10 ዓመት ልጅ ወስዶ ቀሪ ዕድሜውን አስልቶ ነበር። ልጁ የሚኖረው በሀብታም አገር ከሆነ በአማካይ 65 ዓመት ይቀረዋል፤ በደሃ አገር ከሆነ ደግሞ 13 ዓመት። በዚያው ጥናት ግምት፣ በዓመቱ በዚህ ሕመም ከሞቱት 175,000 ሰዎች 35,000ዎቹ ሕመማቸው ሳይታወቅ፣ ምልክቱ በታየ በ12 ወር ውስጥ ያለፉ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በየትኛውም መዝገብ ላይ የስኳር ሕሙማን ተብለው አይጻፉም። ወባ፣ ሳንባ ምች፣ ማጅራት ገትር፣ ወይም ዝም ብሎ «ትኩሳት» ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ «እኛ ዘንድ የልጆች ስኳር እምብዛም የለም» ሲባል ጥርጣሬ ይገባናል። ፊንላንድ በዚህ ሕመም ከዓለም ቀዳሚ መሆኗ እውነት ነው፤ ሕመሙ በሁሉም አገር እኩል አይከሰትም። ነገር ግን ሳይቆጠር የሞተ ልጅም «የለም» ከሚባሉት ውስጥ ይገባል።

ልዩነቱን የሚያመጣው መድኃኒቱ አዲስና ረቂቅ ስለሆነ አይደለም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ ከተማ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። አግኚዎቹ የፈጠራ መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ አንድ ዶላር ሸጡት። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር በ1977 ሲያወጣ ኢንሱሊን በውስጡ ነበረ። ገንዘብ ብቻውን ነገሩን እንደማይፈታም አሜሪካ ታሳያለች፤ በዚያ ሁሉ ሀብት መካከል በዋጋው ምክንያት መጠኑን ቀንሰው የሚወጉ ሰዎች ነበሩ፤ ኩባንያዎቹ የዝርዝር ዋጋቸውን በሰፊው እንደሚቀንሱ ያስታወቁት ገና በ2023 ነው። እንግሊዝ ውስጥ በ2024 የተጀመረው ሥራ ደግሞ ስኳሩን ራሱ እየለካ ኢንሱሊኑን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ በመንግሥት ወጪ ለልጆች ማደል ነው። እኛ እሱን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ፓርማ ላይ የተደረገውን ዓይነት ነው።

ፓርማ የጣሊያን ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ባሉ ትምህርት ቤቶችና የሕፃናት ሐኪሞች ክሊኒኮች ግድግዳ ላይ አንድ ፖስተር ተለጠፈ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ብዙ ውኃ የሚጠጣ፣ ብዙ የሚሸና፣ አልጋ ላይ መሽናት ትቶ እንደገና የጀመረ ልጅ ስኳሩ ይመርመር። ለሐኪሞቹ የስኳር መለኪያ ተሰጣቸው። ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት አዲስ ከሚታወቁት ልጆች አብዛኞቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ኢንሱሊን በማጣት ደማቸው አሲድ ሆኖ፣ እኛ በሥራ ላይ «ዲኬኤ» በምንለው ሁኔታ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እጅግ ወረደ፤ ፖስተሩ ባልተለጠፈባቸው ጎረቤት አውራጃዎች ግን እንዳለ ቀረ። ወረቀትና መለኪያ ነው የለወጠው።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንግባ። ዲኬኤ ውስጥ የገባ ልጅ በጥልቀትና በፍጥነት ይተነፍሳል፤ ሰውነቱ አሲዱን በትንፋሽ ለማውጣት እየሞከረ ነው። በሕፃናት ሕክምና መመሪያችን ላይ ፈጣን አተነፋፈስ ወደ ሳንባ ምች ይመራል፤ ልጁ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሸኛል። ያስታውከዋል፣ ሆዱን ያመዋል፤ የጨጓራ ወይም የትርፍ አንጀት ይባላል። ይደነዝዛል፤ ማጅራት ገትር ወይም የአንጎል ወባ ይባላል። ክብደቱ ወርዷል፤ ክንዱ በቴፕ ይለካና ወደ ምግብ እጥረት ክፍል ይላካል፤ እዚያ የሚሰጠው የኦቾሎኒ ቅባት ስኳር አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን «ደክሟል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለት» የሚለው ልማድ ነው። ደሙ ውስጥ ከልክ ያለፈ ስኳር ላለበት ልጅ ስኳር በደም ሥር መጨመር ነው ይህ። ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው፤ የሚጠማውን ልጅ ቤተሰቡ አዝኖለት ለስላሳ ይገዛለታል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ጥሙ ይብሳል፣ እንደገና ይገዛለታል።

ባለሙያውን ከዚህ ሁሉ መምሰል የሚያወጣው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይሸናል ወይ? በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ሽንቱ ይቆማል። በስኳር ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ግን አፉና ምላሱ ደርቆ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ እንኳ ይሸናል። እናቶች ሳይጠየቁም የሚናገሩት አለ፤ «የሸናበት ላይ ጉንዳን ይሰፍራል» ይላሉ። ይህን የሰማ ባለሙያ ሌላ ማስረጃ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም።

ትኩሳት ያለበትን ልጅ ሁሉ ስኳር እንለካ አንልም፤ ስትሪፑ ለዚያ አይበቃም። ሁለተኛዋ ጠብታ የምትወሰደው ከሚከተሉት አንዱ ሲኖር ነው፦ የወባው ውጤት ኔጋቲቭ ሆኖ ልጁ በጥልቀት የሚተነፍስ ወይም የሚያስታውክ ከሆነ፤ ውኃ እያለቀበት የሚሸና ከሆነ፤ አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ፤ ያለ ምክንያት ከከሳ፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍራፍሬ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ፤ ወይም ደንዝዞ ከመጣ። የመጨረሻው ወባው ፖዘቲቭ ቢሆንም ይለካል። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ወባና ስኳር አንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ፣ ከባድ ወባም ስኳርን እጅግ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ለወባ ሕክምናው ራሱ ያስፈልጋል፤ ለስኳር ሕሙማን ብቻ የሚገዛ ዕቃ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው።

ምልክት ባለበት ልጅ በማንኛውም ሰዓት የተለካው 200 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ ጦም አድሮ በነገታው ይመለስ ተብሎ አይቀጠርም። መለኪያው ቁጥር ትቶ «ሃይ» ብሎ ከጻፈ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ እንደ ሥሪቱ ከ500 ወይም ከ600 በላይ ነው ማለት ነው። መለኪያ ከሌለ ለነፍሰ ጡሮች ሽንት የሚያገለግለው ባለ ብዙ ቀለም ስትሪፕ የስኳርና የኬቶን (ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት የሚያመነጨው አሲድ) ሳጥን አለው። ፕሮቲኑን ብቻ አንብቦ መጣል የለመደ ዓይን እነዚያን ሁለቱንም ማንበብ ይችላል። ከመወጋቱ በፊት ጣቱ በውኃ ይታጠብና ይድረቅ። ማንጎ የበላ ወይም ሸንኮራ የመጠጠ ልጅ ጣት ላይ የቀረው ስኳር ንባቡን ያስታል፤ በባሕር ዳርና በዘጌ በኩል በማንጎ ወራት ይህ ቀልድ አይደለም። ደም ማነስ ያለበት ልጅ ላይም ብዙዎቹ መለኪያዎች ከእውነተኛው ከፍ አድርገው እንደሚያነቡ ይታወስ።

ልጁ ዲኬኤ ውስጥ ከሆነ ቀጣዩ ስህተት አምቡላንስ መጥራትና መጠበቅ ብቻ ነው። ከደቅ ደሴት ለሚመጣ ልጅ መጀመሪያ ጀልባ አለ፤ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ጀልባውም የለም። ሕክምናው የሚጀመረው ልጁ ካለበት ቦታ ነው፣ የሚጀመረውም በፈሳሽ እንጂ በኢንሱሊን አይደለም። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሾክ ውስጥ ካልሆነ 200 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም በኪሎ 10 ሚሊ ሊትር፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ይሰጠዋል። እጅና እግሩ ቀዝቅዞ የልብ ምቱ ከደከመ በኪሎ 20 ሚሊ ሊትር በፍጥነት ይሰጠዋል። ክፉኛ የተጎሳቆለ ልጅ ላይ ግን በጥንቃቄና በዝግታ ነው። የደም ሥር ካልተገኘ ኦአርኤስ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር በሰዓት፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ በማንኪያ ይሰጣል። ለደነዘዘ ልጅ በአፉ ምንም አይሰጥም፤ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ነው።

ኢንሱሊኑ ቢያንስ 1 ሰዓት ፈሳሽ ከተሰጠ በኋላ ይከተላል። የሚሰጠውም ጥርት ያለውና ቶሎ የሚሠራው ሬጉላር የተባለው ዓይነት ነው። ጉዞው ረጅም ከሆነና መቆጣጠሪያ ማሽን ከሌለ በኪሎ 0.1 ዩኒት በጡንቻ ወይም ከቆዳ በታች በየ1 ወይም በየ2 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ከ5 ዓመት በታች ለሆነው ግማሹን። ስኳሩ በቶሎ ይውረድ ብሎ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ወይም ፈሳሹን መዝለል የአንጎል እብጠት ሊያመጣ ይችላል። ዲኬኤ ውስጥ ያለን ልጅ በመንገድና በሆስፒታል ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ይኸው ነው። ባይካርቦኔት አይሰጥም። የሪፈር ወረቀቱ ላይ ክብደቱ፣ የመጀመሪያው ንባብ፣ የተሰጠው ፈሳሽና ኢንሱሊን፣ የተሰጠበትም ሰዓት ይጻፍ። «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ይዞ የደረሰ ልጅ ሕክምናውን ከዜሮ ይጀምራል፤ አንዳንዴ የተሰጠው ኢንሱሊን ይደገምበታል።

ሁለተኛው መሞቻ ቦታ ልጁ ታውቆና ተሽሎት ወደ ቀበሌው ከተመለሰ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ስለ ሒሳብ መነጋገር አለብን፤ ምክንያቱም ብልቃጡ የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በሒሳብ ስህተት ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ 0.8 ዩኒት ቢወጋ በቀን 24 ዩኒት ነው። በተለመደው አከፋፈል ጠዋት 16፣ ማታ 8 ይወጋል፤ ጠዋት ኤንፒኤች (ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ኢንሱሊን) 11ና ሬጉላር 5፣ ማታ ኤንፒኤች 5ና ሬጉላር 3። በወር ሲሰላ ኤንፒኤች 480፣ ሬጉላር 240፣ ድምሩ 720 ዩኒት ይሆናል። አንድ ብልቃጥ 1,000 ዩኒት ስለሚይዝ ጥያቄ የሚያዘጋጀው ሰው «ለአንድ ልጅ በወር አንድ ብልቃጥ» ብሎ ይጽፋል። ስህተቱ እዚህ ነው። ሁለቱ ኢንሱሊኖች በሁለት የተለያዩ ብልቃጦች ናቸው፤ የተከፈተ ብልቃጥም አምራቹ ከጻፈው ገደብ፣ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በላይ አይቆይም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ በወር ሁለት ብልቃጥ ነው፣ ከግማሽ በላይ ተርፎ ቢጣልም። በዚያ ላይ ብልቃጥ መስታወት ነው፤ ድንጋይ ላይ ይወድቃል። እያንዳንዱ ቤተሰብ እጁ ላይ ከየዓይነቱ አንድ መጠባበቂያ ሊኖረው ይገባል። በተደባለቀው 70/30 ብልቃጥ መተካት ሒሳቡን ያቀላል፤ ነገር ግን ልጁ ያልበላ ዕለት ሬጉላሩን ብቻ መቀነስ አይቻልም። ጨርሶ ከማጣት ይሻላል እንጂ በበጀት ምክንያት የሚመረጥ አይደለም።

ስሪንጁም ሒሳብ አለው። 1 ሚሊ ሊትር በሚይዘው የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ ብዙ ጊዜ አንዱ መስመር 2 ዩኒት ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ 3 ዩኒት የሚወጋ ከሆነ መስመሩ የለም፤ እናቱ በዓይኗ ትገምታለች። 1 ዩኒት ስትስት የመጠኑን ሲሶ ሳተች ማለት ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር የሚይዘው፣ በየ1 ዩኒቱ መስመር ያለው ስሪንጅ ለሕፃናት ተለይቶ ይገዛ። በእርዳታ የሚመጣ ዕቃ ሲኖር ደግሞ ብልቃጡና ስሪንጁ ሁለቱም ባለ 100 (በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት) መሆናቸው ይታይ። በሌላ አገር ባለ 40 ኢንሱሊን አለ፤ በባለ 40 ስሪንጅ ባለ 100 ኢንሱሊን የቀዳ ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ይወጋል።

ስለ ቅዝቃዜ ብዙ ፍርሃት አለ፣ ፍርሃቱም ሁልጊዜ ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀመጣል። በሥራ ላይ ያለው ግን ፍሪጅ የግድ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ የተደረገና በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የባሕር ዳር ሙቀት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቢበረታም ከዳጋሃሌይ በታች ነው። ለዚህ ማሰሮ ይበቃል፦ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ውስጥ፣ መካከሉ ላይ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ውኃ የሚጨመርበት አሸዋ፣ ብልቃጡ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በትንሹ ማሰሮ ውስጥ፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ፣ ቦታው ጥላና ነፋስ ያለበት። ክረምት ላይ አየሩ እርጥብ ስለሚሆን ማሰሮው እምብዛም አያቀዘቅዝም፤ ግን ያኔ ሙቀቱም የለም። ይልቅ ኢንሱሊንን የሚያበላሸው በረዶ ነው። ከፍሪጅ በረዶ ቤት አጠገብ የተቀመጠ ብልቃጥ ቀዝቅዞ ይረጋል፣ ሲቀልጥ ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፣ ኃይሉ ግን አይታመንም። ከዚያ ቤተሰቡ «በትክክል ወግተነው ስኳሩ አልወርድ አለ» ይላል፣ ባለሙያውም አያምናቸውም።

በብዙ ጤና ጣቢያ አስተማማኝ ፍሪጅ የሚባለው የክትባቱ ነው። «ከክትባት ሌላ አይገባም» የሚለው ደንብ ለክትባቱ ደህንነት የወጣ ነው፣ እናከብረዋለን። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2020 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ቦታ ካለና ተለይቶ ከተቀመጠ ሌሎች ቅዝቃዜ የሚሹ መድኃኒቶች አብረው ሊቀመጡ እንደሚችሉ አመልክተዋል። አሥር ልጅ ላለበት ወረዳ የሁለት ወር ኢንሱሊን አንድ የጫማ ካርቶን አይሞላም። ቢሮው ይህን በአንድ ገጽ ሰርኩላር ቢፈቅድ ወጪ የለውም፤ ከዚህ ደብዳቤ ሁሉ በጣም ርካሹ ጥያቄም ይኸው ነው።

ስትሪፕ ላይ አሁን ያለው አሠራር አያስኬድም። መለኪያው በእርዳታ ይመጣል፣ ከእሱ ጋር የመጣው አንድ ሳጥን ያልቃል፣ ለዚያ ሥሪት የሚሆን ስትሪፕ ገበያ ላይ የለም፣ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ክልሉ አንድ ወይም ሁለት ሥሪት መርጦ ይዝለቅበት፤ መለኪያ በነጻ ይዞ የመጣ ሁሉ ስትሪፑን ለስንት ዓመት እንደሚያቀርብ ይጠየቅ። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ መለካት በሀብታም አገር የተለመደ ነው። እኛ ለጊዜው በቀን 2 ቢሆን፣ በወር 60 ማለት ነው፤ ጠዋት ከምግብ በፊትና ማታ ከመርፌ በፊት። ጥቂቶቹ ለሕመም ቀንና ለሌሊት ይቆጠቡ። ያለ ስትሪፕ ኢንሱሊን መስጠት ቤንዚኑን ሳያዩ መንዳት ነው፤ ባለሙያውም ቤተሰቡም ስኳር መውረድን ፈርተው መጠኑን ዝቅ አድርገው ይይዙታል፣ ልጁም ሳይሞት፣ ሳያድግ፣ ዓይኑና ኩላሊቱ እየተጎዳ ይቆያል። በአሜሪካና በካናዳ ከ1983 እስከ 1993 በ1,441 ሰዎች ላይ የተካሄደው ትልቁ ጥናት ስኳርን በቅርብ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። በዚያ ጥናት ስኳሩን ያለማቋረጥ የሚለካ ሴንሰር አልነበረም፤ ከፊሎቹ በፓምፕ፣ ሌሎቹ በመርፌ ኢንሱሊን ቢወስዱም ሥራው ጣት እየወጉ መጠን ማስተካከል ነበር።

አሁን ጥንቃቄ የሚሻ ነገር እንናገራለን። ኢንሱሊን ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የብዙ ልጆች ፍላጎት ይወርዳል፤ ቆሽቱ ለጊዜው አርፎ ትንሽ ማመንጨት ይጀምራል። ልጁ ይወፍራል፣ ስኳሩ በ3 ወይም በ4 ዩኒት ብቻ ይስተካከላል። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ጸበል የሚወስደው በዚሁ ጊዜ ነው፤ «ድኗል» ይባላል፣ መርፌው ይቆማል። ይህ ወቅት ሳምንታት ወይም ወራት ይቆይና ያልፋል፤ ሲያልፍ መርፌ የሌለው ልጅ በቀናት ውስጥ ዲኬኤ ውስጥ ይገባል። ጸበሉ ይቅር የሚል ባለሙያ ቤተሰቡን ያጣል፤ ደግሞም ይቅር ማለት አያስፈልገውም። ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት በተነሳው ክርክር ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ተናግረው ነበር። ለኢንሱሊንም ይኸው መልእክት ከየደብሩ አባቶች አፍ ቢሰማ ከእኛ ምክር ይልቅ ይደመጣል። ገና ሆስፒታል ሳለ ለቤተሰቡ «በቅርቡ መጠኑ ይቀንስ ይሆናል፣ ያ መዳን አይደለም» ተብሎ አስቀድሞ ካልተነገረ በኋላ የሚነገረው ቂም ይመስላል። ጾምም እንዲሁ ነው። ጠዋት ኤንፒኤች የተወጋ ልጅ ቀትር ላይ መድኃኒቱ በሚበረታበት ሰዓት ሳይበላ ከቆየ ስኳሩ ይወርዳል። የንስሐ አባትም ሆነ ኢማሙ ይህን ሲረዱ ልጁን አያስጨንቁም። በሌላ በኩል ልጁ ታሞ አልበላም ያለ ቀን ኢንሱሊኑን ጨርሶ ማቆም ትልቅ ስህተት ነው፤ ትኩሳት፣ ወባውም ጭምር፣ ፍላጎቱን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለትምህርት ቤቶች የምንለው አጭር ነው። ልጁ ሲሸና ይፈቀድለት፣ መክሰሱን በክፍል ውስጥም ቢሆን ይብላ። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ያለ ጠባዩ ከተቆጣ ወይም እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ስኳሩ ወርዷል። ለ30 ኪሎ ልጅ 9 ግራም ያህል ስኳር፣ ሞላ ያለ 2 የሻይ ማንኪያ በትንሽ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያ ዳቦ ወይም እንጀራ ማብላት ነው። ብቻውን ወደ ቤት አይላክ፤ መንገድ ላይ ይወድቃል። ራሱን ከሳተ አይጠጣም፤ በጎኑ ይተኛ፣ በውኃ የራሰ ስኳር ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ከምላሱ ሥር ይቀመጥለት፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጤና ጣቢያው ባለ 40 በመቶ ግሉኮስ ካለው እንዳለ አይሰጥም። ለ20 ኪሎ ልጅ 10 ሚሊ ሊትሩ ከ30 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ ጋር ተደባልቆ ባለ 10 በመቶ ይሆንና 40 ሚሊ ሊትሩ ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል።

ነርስ ይህን ሁሉ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። በሐይቁ ማዶ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሐኪሞች ድጋፍ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶች የስኳር ሕሙማንን በመደበኛነት ሲከታተሉ ኖረዋል፤ ጅማም እንዲሁ። ከዚያው ከጎንደር ገጠር የተገኘ ሌላ ትምህርትም አለ። ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው፣ በጣም የከሱ፣ ድሃ ቤት ያደጉ፣ ነገር ግን እንደ ዓይነት አንድ በቶሎ ዲኬኤ ውስጥ የማይገቡ ሕሙማን አሉ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለዚህ መልክ በ2025 «ዓይነት አምስት» የሚል ስም ሰጥቶታል። ለጤና ጣቢያው የሚለወጥ ነገር ብዙ አይደለም፤ ይለካል፣ ይላካል፣ በጥቂት ዩኒት ተጀምሮ ምግቡ ይጠበቃል። ግን የእኛ ልጆች ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ሁልጊዜ እንደማይመሳሰሉ ያሳስበናል።

ስለዚህ ቢሮው የሚከተሉትን እንዲወስን በአክብሮት እንጠይቃለን። ወባ በሚመረመርበት ጤና ጣቢያ ሁሉ፣ የደቅና የዘጌ ጭምር፣ አንድ የሚሠራ የስኳር መለኪያና ለእሱ የሚሆን ስትሪፕ ከወባ መመርመሪያው ኪት ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ በሌላ ክፍል ቁም ሣጥን ተቆልፎበት አይደለም። እያንዳንዱ ወረዳ በስኳር የሚታከሙ ልጆችን በክብደታቸው ይመዝግብ፣ የኢንሱሊን ጥያቄውም በዩኒት ሳይሆን በብልቃጥና በልጅ ይሰላ። በየወሩ ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎቱ የባሕር ዳር ቅርንጫፍ የሚደርሰው ጥያቄ ላይ የሩብ ያህል መጠባበቂያ ይጨመር። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ቤተሰብ መድኃኒቱ በተቋሙ ሲያልቅ በራሱ ኪስ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ እንዳይመላለስ ሌላ ውል የተገባበት ፋርማሲ ይኑር። የክትባቱ ፍሪጅ ሰርኩላር ይውጣ። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በጤና ኬላዎችና በጀልባ መሳፈሪያዎች ላይ እንደ ፓርማው ያለ አንድ ፖስተር በአማርኛ ይለጠፍ፤ ጽሑፉን በነጻ አዘጋጅተን ለመስጠት ዝግጁ ነን።

የሚቀጥለው የወባ ወቅት በመስከረም ይጀምራል። መለኪያው ከዚያ በፊት ጠረጴዛው ላይ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር የስኳር ሕሙማን ሕፃናትን የምንከታተል ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፋርማሲ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለክልሉ ትምህርት ቢሮ
ለመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ባሕር ዳር ቅርንጫፍ
ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አስተባባሪዎች
ለየወረዳው የወባ መከላከል ባለሙያዎች